እየደጋገመ በድንገት የሚጠፋን ላፕቶፕ ኮምፒዩተር ምክንያቱን መርምሮ ስለ ማዳን

የግብር መዝገብ፥ የመሬት ይዞታ መዝገብ፥ የማዳበሪያና የምርጥ ዘር ማከፋፈያ ዝርዝር ቀድሞ በትልልቅ ደብተር ተጽፎ በሣጥን ይቀመጥ ነበር። ዛሬ ግን በብዙ ስፍራ ይህ ሁሉ ላፕቶፕ በሚባል በእጅ በሚያዝ ኮምፒዩተር ውስጥ ገብቶአል። ደብተር ቢያረጅ ቅጠሉ ይቀደዳል እንጂ ሙሉው ባንድ ጊዜ ከዐይን አይሰወርም፤ ላፕቶፑ ግን ጸሐፊው እየጻፈበት ሳለ ያለ ማስጠንቀቂያ ሊጠፋ ይችላል። በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ እንዲህ የሆነ እንደ ሆነ የተጻፈው ሥራ ይባክናል፤ ባለጉዳዩም ነገ ተመለስ ይባላል። በግንቦት ወር ማዳበሪያውን ሊወስድ ሌሊት ተነሥቶ የመጣ ገበሬ ዝናቡ እየቀደመው ነገ ተመለስ ሲባል፥ ጉዳቱ የአንድ መሣሪያ ጉዳት ብቻ እንዳልሆነ የታወቀ ነው።

ላፕቶፕ እንዲህ በሆነ ጊዜ በየጽሕፈት ቤቱ የተለመደው ነገር ሁለት ነው። አንደኛው መልሶ አስነሥቶ ምንም እንዳልሆነ ዝም ማለት ነው። ሁለተኛው ወደ ከተማ ጠጋኝ ልኮ ፎርማት ይደረግ ማለት ነው። ፎርማት ማለት በውስጡ ያለውን ጽሕፈት ሁሉ ደምስሶ ዊንዶውስን እንደ አዲስ መጫን ነው። ሁለተኛው ልማድ ከመጀመሪያው የከፋ ነው። መሣሪያውን የሚጥለው ሙቀት ወይም የተበላሸ ሜሞሪ የሆነ እንደ ሆነ፥ ፎርማት ተደርጎ በተመለሰ በሳምንቱ ያው ሕመም ይመለሳል፤ በመካከሉ ግን መዝገቡ ጠፍቶአል። በሬው ባነከሰ ጊዜ ሰኮናውን ሳያይ ሞፈሩን የሚለውጥ ገበሬ የለም፤ ለኮምፒዩተርም የሚገባው ምርመራ ከዚህ የተለየ አይደለም።

ከምርመራው ሁሉ አስቀድሞ ግን አንድ የማይታለፍ ሥራ አለ። ይኸውም መሣሪያው ገና የሚነሣ ሳለ በውስጡ ያለውን መዝገብ ወደ ሌላ ስፍራ መገልበጥ ነው። የሚጥለው ምክንያት ገና አልታወቀም፤ ምናልባት መዝገቡ የተጻፈበት ዲስክ ራሱ በመሞት ላይ ይሆናል። እንዲህ ከሆነ እያንዳንዱ ማስነሣትና ማጥፋት ከቀረው ዕድሜ ላይ ይቀንሳል። ሳይቃጠል በቅጠል የተባለው ለዚህ ነው። ግልባጩ ሁለት ቢሆን ይመረጣል፤ አንዱ በጽሕፈት ቤቱ በተቆለፈ ሣጥን፥ ሁለተኛው በሌላ ቤት ይቀመጥ። ሁለቱም ከላፕቶፑ ጋር ባንድ ቦርሳ ተይዘው የሚዞሩ ከሆነ ግን ሌባ ወይም እሳት ሦስቱን ባንድነት ስለሚወስዳቸው ግልባጭ አለ ማለት አይቻልም። በብዙ አዲስ ላፕቶፕ ላይ ደግሞ ቢትሎከር የሚባል ቁልፍ አለ። ይህ ቁልፍ ዲስኩን በምስጢር ጽሕፈት ይሸፍናል፤ በጥገና መካከልም 48 አኃዝ ያለው የመክፈቻ ቍጥር ሊጠይቅ ይችላል። ቍጥሩን አስቀድሞ ፈልጎ በወረቀት ያልጻፈ ሰው መሣሪያው ቢድንለት እንኳ መዝገቡን ሊከፍተው አይችልም።

ከዚህ በኋላ ወደ ሕመሙ ይገባል። ኮምፒዩተሩ ተበላሸ ማለት ብቻ አይበቃም፤ አወዳደቁ አራት ዐይነት ነው፥ እያንዳንዱም ወደ ሌላ ምክንያት ያመለክታል። አንዳንዱ መስኮቱ በሙሉ ሰማያዊ ሆኖ የእንግሊዝኛ ቃል ይጻፍበታል። ከ2025 እ.ኤ.አ. ወዲህ በታደሰው ዊንዶውስ 11 ላይ ይህ መስኮት ጥቁር ሆኖአልና ቀለሙ ስለ ተለወጠ ሌላ በሽታ ነው ተብሎ አይታሰብ። አንዳንዱ ምንም ቃል ሳይጽፍ መብራት እንደ ተቋረጠበት ድርግም ይላል። አንዳንዱ አይጠፋም፥ ነገር ግን ደርቆ ይቀራል፤ ቀስቱም ፊደሉም አይንቀሳቀስም፤ በተለምዶ ንግግር ስታክ አደረገ የሚባለው ይህ ነው። አንዳንዱ ደግሞ ጠፍቶ በገዛ ራሱ ይነሣል። ባጭሩ ሲነገር፥ ቃል ጽፎ የሚወድቅ ብዙ ጊዜ የፕሮግራም፥ የሜሞሪ ወይም የዲስክ ሕመም አለበት፤ ቃል ሳይጽፍ ድርግም የሚል ደግሞ ብዙ ጊዜ የሙቀት ወይም የኤሌክትሪክ ሕመም አለበት። ይህ የመነሻ ግምት እንጂ ፍርድ አይደለም።

በገዛ ራሱ የሚነሣው ዐይነት መርማሪውን ያታልላል። ዊንዶውስ በወደቀ ጊዜ ቃሉን ለጥቂት ሰከንድ ብቻ አሳይቶ ወዲያው እንዲነሣ ሆኖ ስለ ተሠራ፥ ጸሐፊው የተጻፈውን ሳያነብ መስኮቱ ያልፋል። ስለዚህ ሲስተም ፕሮፐርቲስ በሚባለው ስፍራ አድቫንስድ የሚለው ተከፍቶ፥ ስታርትአፕ ኤንድ ሪከቨሪ ከሚለው ውስጥ ኦቶማቲካሊ ሪስታርት በሚለው ቃል ፊት ያለው ምልክት ይነሣ። ከዚያ ወዲያ መሣሪያው ሲወድቅ ቃሉን እንዳሳየ ይቆያል፤ በስልክ ፎቶግራፍ ማንሣት ይቻላል።

ቀጥሎ አንድ ትንሽ ደብተር ከላፕቶፑ አጠገብ ይኑር። በየጊዜው በወደቀ ቍጥር ቀኑ፥ ሰዓቱ፥ ይሠራ የነበረው ሥራ፥ ቻርጀሩ ተሰክቶ እንደ ነበረ ወይም እንዳልነበረ፥ ወገቡ በእጅ ሲዳሰስ ይሞቅ እንደ ሆነ፥ የተጻፈውም ቃል ይመዝገብ። ይህ ለብዙ ሰው ከንቱ ድካም ይመስለዋል። ነገር ግን የኮምፒዩተር ጥገና ከጥንት ጀምሮ በደብተር የቆመ ነው። ጳጉሜን 4 ቀን 1939 ዓ.ም. (መስከረም 9 ቀን 1947 እ.ኤ.አ.) በአሜሪካ አገር የሃርቫርድ ማርክ ሁለት የተባለው ትልቅ የሒሳብ መኪና ሥራው ተበላሽቶ ሲመረመር አንዲት የእሳት እራት ከውስጡ ተገኘች። ሠራተኞቹም የገባችበትን ክፍል ቍጥር ጽፈው፥ ሰዓቱን ከቀኑ 9 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ብለው፥ እራቲቱን ራሷን በደብተሩ ቅጠል ላይ ለጠፉአት። በእንግሊዝኛ የመሣሪያን ጉድለት ተባይ ብሎ መጥራት ከዚያ በፊትም የነበረ ነው፤ ኤዲሰን በ1878 እ.ኤ.አ. በጻፈው ደብዳቤ ቃሉን ተናግሮታል። የዚያች ቀን ጥቅም ስሙ ሳይሆን አመዘጋገቡ ነው።

ዊንዶውስም በበኩሉ የራሱን መዝገብ ይይዛል። ኢቨንት ቪወር የሚባለው ዝርዝሩን በሰዓትና በደቂቃ ያሳያል፤ ሪላያቢሊቲ ሞኒተር የሚባለው ደግሞ የየቀኑን ሁኔታ በሥዕል አድርጎ፥ በወደቀበት ቀን ላይ ቀይ ምልክት ያኖራል። ለጀማሪ ሰው ይህ ሁለተኛው ይቀላል። በነዚህ መዝገቦች ላይ ግን ሁለት ስሕተት ዘወትር ይሠራል። የመጀመሪያው የሰዓት ነገር ነው። ኮምፒዩተሩ ብዙ ጊዜ በአውሮፓ ሰዓትና በአውሮፓ ቀን ስለሚቈጥር፥ እርሱ 14 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ያለው በአገራችን ከቀኑ 8 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ነው። ጸሐፊው በደብተሩ 8 ሰዓት ብሎ ጽፎ በኮምፒዩተሩ መዝገብ 8 ሰዓትን ቢፈልግ የሚያገኘው የጧቱን 2 ሰዓት ነገር ነው፤ ከዚህም የተነሣ ንጹሑን ፕሮግራም በደለኛ ያደርጋል። ሁለተኛው ስሕተት ከርነል ፓወር 41 የሚባለውን ጽሕፈት የመውደቁ ምክንያት አድርጎ መውሰድ ነው። ይህ 41 ቍጥር መሣሪያው በሥርዐት ሳይዘጋ ጠፍቶ እንደ ነበረ ብቻ ይናገራል፤ ሞቶ ተገኘ እንደ ማለት ነው እንጂ ገዳዩን አይጠራም። ነገር ግን በውስጡ በግቼክ ኮድ የሚለው ስፍራ ዜሮ ሆኖ ቢገኝ ዊንዶውስ ቃል ለመጻፍ እንኳ ጊዜ አላገኘም ማለት ነውና፥ ወይ ኤሌክትሪክ ተቋርጦበታል፥ ወይ ሙቀት አጥፍቶታል፥ ወይ ደርቆ ቀርቶ ሰው በግድ አጥፍቶታል። ዜሮ ካልሆነ ግን የፕሮግራም፥ የሜሞሪ ወይም የዲስክ ነገር መፈለግ ይገባል።

አሁን ስለ ሙቀት በሰፊው መናገር ያስፈልጋል፤ ለሕመም ሁሉ ቫይረስ ነው ማለት በየስፍራው ተለምዶአል፥ ነገር ግን ላፕቶፕን አጥፍቶ የሚጥለው ከቫይረስ ይልቅ አቧራ ነው። ፕሮሰሰር የሚባለው የማሰቢያ ክፍል ሲሠራ ይግላል። በብዙዎቹ ላይ ሙቀቱ ወደ 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲቀርብ ራሱን ለማዳን ሥራውን ያዘገያል፤ ማዘግየቱ ካልበቃ ጨርሶ ይጠፋል። ይህ መጥፋት በሽታ ሳይሆን ጥበቃ ነው። ሙቀቱን የሚያወጣው አንድ ትንሽ ማራገቢያና ቀጫጭን የመዳብ ወይም የአሉሚኒየም ቅጠሎች ናቸው። በነዚህ ቅጠሎች መካከል የበጋ አቧራ፥ የጢስ ጥላሸትና የጨርቅ ቃጫ ተጋግሮ ሲቀመጥ አየሩ ማለፊያ ያጣል። ማራገቢያው ከቀድሞው ይልቅ ይጮኻል፥ ነገር ግን ከመውጫው የሚመጣው ነፋስ ደካማ ነው። እጅን ከመውጫው አጠገብ አኑሮ ማወቅ ይቻላል።

በዚህ ላይ የአገሩ አቀማመጥ ይጨመራል። አየር ከፍ ባለ ስፍራ ይሳሳል፤ የሳሳ አየር ደግሞ ሙቀት ተሸክሞ ለመውጣት ያነሰ ነው። በአዲስ አበባ ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳርቻው አየር አንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል፤ ወደ 2,800 ሜትር በሚጠጋው በደብረ ብርሃን ደግሞ ሩብ ያህል ይጎድላል። የደጋ ብርድ ይህን በመጠኑ ይክሰዋል። በቆላ ግን ችግሩ ሌላ ነው፤ ብዙ ሠሪዎች ላፕቶፕ እንዲሠራበት የሚፈቅዱት የክፍል ሙቀት እስከ 35 ዲግሪ ነውና፥ በሑመራ ወይም በጋምቤላ በበጋው ወራት በቆርቆሮ ጣራ ሥር የሚሠራ መሣሪያ ገና ሳይጀምር ከወሰኑ አልፎአል። እንደነዚህ ባሉ ወረዳዎች ከባዱን ሥራ በጧት ሠርቶ መጨረስ ለጸሐፊውም ለመሣሪያውም ይበጃል።

ሙቀት መሆኑን ለመለየት ቀላል ፈተና አለ። ላፕቶፑ በጠንካራ ገበታ ላይ ይቀመጥ፤ የኋላ ጫፉ በሁለት ትናንሽ እንጨቶች ሁለት ጣት ያህል ከፍ ይበል፤ በጧት ቅዝቃዜም የተለመደው ሥራ ይሠራበት። በአልጋ ልብስ ወይም በጉልበት ላይ በግማሽ ሰዓት ይወድቅ የነበረው በዚህ ሁኔታ ረጅም ሰዓት ከቆየ የሙቀት ነገር መሆኑ አያጠራጥርም። ሲጸዳ መሣሪያው ጠፍቶ፥ ቻርጀሩ ተነቅሎ፥ የሚነቀል ባትሪ ከሆነም ወጥቶ መሆን ይገባዋል። አየሩ በሚነፋ መሣሪያ ይነፋ እንጂ በአፍ አይነፋ፤ ከአፍ የሚወጣው እርጥበት አቧራውን ጭቃ ያደርገዋል። ሲነፋ ማራገቢያው በእንጨት ጫፍ ይያዝ፤ ያለ መጠን የተሽከረከረ ማራገቢያ እንዝርቱ ይበላሻል። ብዙ ዓመት የሠራ ከሆነ በፕሮሰሰሩና በመዳቡ መካከል የተቀባው ሙቀት አስተላላፊ ቅባት ደርቆ ይሆናልና ባለሙያ ይለውጠው።

ስለ ኤሌክትሪክም እንዲሁ። ላፕቶፕ በውስጡ ባትሪ ስላለው መብራት ቢቋረጥም ሊሠራ ይገባዋል፤ መብራት ሲቋረጥ አብሮ የሚጠፋ ከሆነ ባትሪው ሞቶአል፥ ሌላ ምርመራ አያሻም። ከዚህ የረቀቀው ያልሆነ ቻርጀር ነው። በመጀመሪያው ቻርጀር ላይ 65 ዋት ተብሎ የተጻፈ ሆኖ ሳለ፥ እርሱ ጠፍቶ ከገበያ የተገዛው 45 ዋት ከሆነ፥ ቀላል ጽሕፈት ሲጻፍ ምንም አይታይም፤ ከባድ ሥራ በተጀመረ ጊዜ ግን በተለይ ባትሪው ደካማ ከሆነ መሣሪያው ኀይል አጥቶ ድርግም ይላል። ስለዚህ አንድ ቀን በባትሪ ብቻ፥ አንድ ቀን በቻርጀር ተሰክቶ ይሠራበትና ደብተሩ ይታይ። በአንደኛው ብቻ የሚወድቅ ከሆነ ነገሩ ተገልጦአል። የላፕቶፑ ሆድ አብጦ ወይም የመዳሰሻ ሰሌዳው ወደ ላይ ተገፍቶ ቢታይ ግን ባትሪው አብጦአልና ያን ጊዜውኑ ሥራው ይቁም። እንዲህ ያለውን ባትሪ መብሳት፥ መጫን፥ ዳግመኛም ኤሌክትሪክ መስጠት እሳት ያስነሣል፤ ወረቀትና ጭድ ከሌለበት ስፍራ አኑሮ ባለሙያ መጥራት ይገባል።

ሜሞሪ ወይም ራም የሚባለው ኮምፒዩተሩ ሲሠራ ነገሩን ለጊዜው የሚያስብበት ክፍል ነው። የተበላሸ ሜሞሪ ምልክቱ አለመጽናት ነው። ዛሬ ሜሞሪ ማኔጅመንት የሚል ቃል ይጽፋል፤ ነገ ሌላ ቃል፤ ከነገ ወዲያ ሦስተኛ ቃል። አንድ ጊዜ በጽሕፈት ሥራ፥ አንድ ጊዜ ምንም ሳይሠራ ይወድቃል። እንዲህ በየጊዜው ቃሉን የሚለውጥ መሣሪያ እንደ ሐሰተኛ ምስክር ነውና የተናገረው ቃል ሳይሆን መለዋወጡ ራሱ ማስረጃ ነው። ዊንዶውስ ሜሞሪ ዲያግኖስቲክ የሚባል መፈተኛ በውስጡ አለ፤ መሣሪያው ጠፍቶ ተነሥቶ ራሱን ይፈትናል። ከዚህ የበረታው ሜምቴስት 86 የሚባለው ከፍላሽ ላይ ተነሥቶ ሌሊቱን ሙሉ ቢፈትን የተሻለ ነው፤ አጭር ፈተና ያላገኘውን ረጅም ፈተና ያገኘዋል። አንዲት ስሕተት እንኳ ከተገኘች ሜሞሪው የታመነ አይደለም። ሁለት ሜሞሪ ያለው ላፕቶፕ አንዱ ወጥቶ በሌላው ብቻ ሲፈተን በሽተኛው ይለያል። አንዳንዴም ሜሞሪው ደኅና ሆኖ በመሰኪያው ላላ ብሎ ይገኛል፤ አውጥቶ አጥብቆ መመለስ ይበቃዋል። በብዙ ቀጫጭን ላፕቶፕ ላይ ግን ሜሞሪው ከሰሌዳው ጋር ስለ ተበየደ ይህ ሊደረግ አይቻልም።

የዲስክ ነገር ከሁሉ ይልቅ ያስፈራል፤ መዝገቡ ያለው በዚያ ነውና። ዲስክ ሁለት ዐይነት ነው። የቀድሞው ሃርድ ዲስክ የሚሽከረከር ሳህን አለው፤ አንባቢው ክንድ ከሳህኑ በላይ በቀጭን የአየር ምንጣፍ ላይ ይንሳፈፋል። ለዚህ ነው ብዙ የሃርድ ዲስክ ሠሪዎች ከ3,048 ሜትር በላይ እንዳይሠራበት ወሰን የጻፉት፤ አየሩ ከሳሳ ክንዱ ዝቅ ብሎ ሳህኑን ሊፍቅ ይችላልና። በበቅሎ ወይም በመኪና ጉዞ ላይ እየሠራ የተንገላታም እንዲሁ ይጎዳል። ኳ ኳ የሚል ድምፅ፥ ፋይል ለመክፈት መዘግየት፥ እየደረቁ መቆም ምልክቶቹ ናቸው። አዲሱ ኤስኤስዲ የሚሽከረከር ነገር የለውም፤ መንገላታትን ይችላል፥ ነገር ግን ሲሞት አብዛኛውን ጊዜ ሳያቃስት ባንድ ጊዜ ይሞታል። ቼክ ዲስክ የሚባለው ማረሚያ የዲስኩን የጽሕፈት ሥርዐት ያስተካክላል፤ ዳሩ ግን በመሞት ላይ ባለ ዲስክ ላይ ቢሠራ ብዙ ስለሚያደክመው ያፋጥነዋል። ስለዚህ ግልባጭ ሳይያዝ ቼክ ዲስክን ማዘዝ አይገባም። ዲስኩ እስከ አፉ መሙላቱም ለብቻው ያናውጠዋልና ጥቂት ባዶ ስፍራ ይተውለት።

አካሉ ሁሉ ደኅና ሆኖ ከተገኘ ነገሩ የፕሮግራም ነው። በዚህ ጊዜ የሚጠየቀው ጥያቄ አንድ ነው፤ መውደቅ ከመጀመሩ በፊት ምን ተለወጠ? አዲስ ፕሪንተር ተተከለን? ፕሮግራም ተጫነን? ዊንዶውስ ታደሰን? ድራይቨር የሚባለው በዊንዶውስና በአንድ መሣሪያ መካከል እንደ አስተርጓሚ የሚቆም ፕሮግራም ነው። ተራ ፕሮግራም ሲሳሳት ራሱ ብቻ ይዘጋል፤ ድራይቨር ግን ከዊንዶውስ እልፍኝ ገብቶ ስለሚሠራ ሲሳሳት ቤቱን ሁሉ ይዞ ይወድቃል። ቃሉ ድራይቨር ፓወር ስቴት ፌይለር ከሆነ ብዙ ጊዜ ከእንቅልፍ ሲነሣ ያልነቃ ድራይቨር አለ፤ ቪዲዮ ቲዲአር ፌይለር ከሆነ የሥዕል ማሳያው ድራይቨር ነው።

የዚህ ነገር ትልቁ ምሳሌ ሐምሌ 12 ቀን 2016 ዓ.ም. (ሐምሌ 19 ቀን 2024 እ.ኤ.አ.) የሆነው ነው። ክራውድስትራይክ የተባለው የኮምፒዩተር ጥበቃ ኩባንያ በአገራችን ሰዓት ከጧቱ 1 ሰዓት ከ9 ደቂቃ ላይ አንድ ትንሽ የእድሳት ፋይል ለደንበኞቹ ላከ። ፋይሉን የሚያነበው ፕሮግራም ከዊንዶውስ እልፍኝ የሚሠራ ነበር። 20 ነገር ብቻ ተሰጥቶት ሳለ 21ኛውን እንዲያይ ስለ ታዘዘ ከወሰኑ ውጭ አንብቦ ወደቀ፤ ዊንዶውስንም ይዞ ወደቀ። ኩባንያው ከ78 ደቂቃ በኋላ ፋይሉን ቢያነሣም ማይክሮሶፍት እንደ ገመተው 8 ሚሊዮን ተኩል የሚያህሉ ኮምፒዩተሮች ወድቀው ነበር። አውሮፕላኖች ቆሙ፤ ሆስፒታሎችና ባንኮች ታወኩ። እነዚህ ኮምፒዩተሮች ሲነሡ ያንኑ ፋይል አንብበው መልሰው ስለሚወድቁ ብዙዎቹን ሰው በየጠረጴዛው ዞሮ በእጁ ማዳን ነበረበት። የዳኑበትም መንገድ ለወረዳ ጸሐፊ የማይከብድ ነው፤ በሴፍ ሞድ አስነሥቶ ያንን አንድ ፋይል መሰረዝ ነበር። ያን ቀን ፎርማት ቢያደርጉ ኖሮ ምን ያህል መዝገብ በከንቱ ይጠፋ እንደ ነበረ ማሰብ ይቻላል።

ሴፍ ሞድ ማለት ዊንዶውስ እጅግ አስፈላጊ የሆኑትን ድራይቨሮች ብቻ ይዞ ሲነሣ ነው። ሺፍት የሚለውን ቁልፍ ተጭኖ ሪስታርት ሲባል፥ ትራብልሹት፥ አድቫንስድ ኦፕሽንስ፥ ስታርትአፕ ሴቲንግስ የሚሉት በተራ ይከፈታሉ፤ ሪስታርት ተብሎ ዝርዝሩ ሲወጣ 4 ቍጥርን መጫን ነው። በሴፍ ሞድ ቀኑን ሁሉ ሳይወድቅ ከዋለ ጥፋቱ በአካሉ ሳይሆን ከተጨማሪዎቹ ፕሮግራሞች በአንዱ የመሆኑ ነገር ይጠነክራል፤ በሴፍ ሞድም የሚወድቅ ከሆነ ወደ ሙቀት፥ ወደ ሜሞሪና ወደ ዲስክ ይመለሱ። የታወቀውን ድራይቨር በዲቫይስ ማኔጀር ሮል ባክ ብሎ ወደ ቀድሞው መመለስ ይቻላል። ሁለት የቫይረስ መከላከያ ባንድ ላፕቶፕ ላይ መጫንም ሁለት ዘበኛ ባንድ በር ላይ አቁሞ እርስ በርስ ማደባደብ ነው፤ አንዱ ይውጣ። የዊንዶውስ የራሱ ፋይሎች ተበላሽተው እንደ ሆነ አስቀድሞ ዲስም፥ ቀጥሎ ኤስ ኤፍ ሲ የሚባሉት ማረሚያዎች በአስተዳዳሪ ሥልጣን ይታዘዙ፤ የመጀመሪያው አብዛኛውን ጊዜ ኢንተርኔት ይፈልጋል።

በዚህ ሁሉ ጊዜ ባንድ ቀን አንድ ነገር ብቻ ይለወጥ። ጠዋት ሜሞሪውን ለውጦ፥ ከሰዓት በኋላ ድራይቨሩን መልሶ፥ ማታ ማራገቢያውን ያጸዳ ሰው መሣሪያው ቢድንለትም በምን እንደ ዳነ አያውቅም፤ በሚመጣው ወር በሌላው ላፕቶፕ ላይ ያው ሲደርስ እንደ ገና ሦስቱን ይሠራል።

ዊንዶውስ 10 ከጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. (ጥቅምት 14 ቀን 2025 እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ከማይክሮሶፍት የተለመደ ነጻ እድሳት ቀርቶበታል። ከየገበያው በክራክ የተጫነ ዊንዶውስ ደግሞ ፈቃድ የሌለው ከመሆኑ በላይ እድሳቱ ብዙ ጊዜ ሆን ተብሎ የተዘጋ ነው፤ ከየት እንደ መጣ በማይታወቅ ፕሮግራምም ተነካክቶአል። የመንግሥት መዝገብ በእንዲህ ያለ መሣሪያ ላይ ማኖር የማይገባ ነው።

ምርመራው ከጽሕፈት ቤቱ ዐቅም በላይ ሆኖ ወደ ጠጋኝ የተላከ እንደ ሆነ፥ አብሮት አንድ ወረቀት ይሂድ። በወረቀቱም ላይ ከደብተሩ የተገለበጠው የመውደቅ ቀንና ሰዓት፥ የተጻፈው ቃል ፎቶግራፍ፥ የተፈተነውና ያልተፈተነው፥ ያለ ጽሕፈት ቤቱ ኀላፊ ፊርማም ፎርማት እንዳይደረግ የሚል ትእዛዝ ይጻፍ። በዊንዶውስ ውስጥ ሚኒደምፕ የሚባል ማኅደር አለ፤ መሣሪያው ቃል ጽፎ በወደቀ ቍጥር ዊንዶውስ አንድ ትንሽ ፋይል በዚያ ሊያስቀምጥ ይችላል፤ ባለሙያ እነዚህን አንብቦ የትኛው ድራይቨር እንደ ጣለው ሊለይ ስለሚችል እንዳይሰረዙ ይነገረው። ዲስኩ የሚነቀል ከሆነና ጥርጣሬው በማራገቢያው ወይም በሜሞሪው ላይ ከሆነ፥ ዲስኩን በጽሕፈት ቤቱ አስቀርቶ አካሉን ብቻ መላክ ይቻላል። የተለወጠው አሮጌ ዕቃም ከሒሳቡ ደረሰኝ ጋር ተመልሶ ይምጣ፤ ዕቃ ግምጃ ቤቱም በቍጥሩ ይመዝግበው።